ጂ.ፒ.ኤስ. በሞተር ብስክሌት ላይ ሲገጠም፦ ሰማይ፣ ንዝረትና ሽቦ

አንድ የሞተር ብስክሌት ባለቤት አዲስ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ ገዝቶ በመሪው ላይ አሰረ እንበል። ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘ፤ መሣሪያው በራ፤ ካርታውም ታየ። ሥራው የተጠናቀቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ብስክሌቱ ለሁለት ሳምንት ከቆመ በኋላ ሞተሩ አልነሳ ሊል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም መሣሪያው ከማሰሪያው ተላቆ ሊወድቅ ይችላል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ከነዳጅ መያዣው ሥር የሚያልፈው ሽቦ በእሳት የተያያዘ እንደሆነ ነው። በእነዚህ ሁሉ ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የአገጣጠሙ ነው።

ጂ.ፒ.ኤስ. ከውጭ ጋር የሚገናኘው በሦስት መንገድ ነው፤ ከሰማይ በሚቀበለው የሬዲዮ ሞገድ፣ ከብስክሌቱ ጋር በሚያጣብቀው ማሰሪያና ኃይል በሚያደርስለት ሽቦ። ሦስቱንም በቅደም ተከተል እንመልከት።

፩. ከሰማይ ጋር ያለው ግንኙነት

የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከምድር ገጽ በ20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይዞራሉ። መቀበያው ሞገዱ ከሳተላይቱ ተነሥቶ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት በማባዛት ርቀቱን ያሰላል። ብርሃን በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ውስጥ 300 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ኢምንት የምትመስል የሰዓት ስሕተት እንኳ ቦታውን በእጅጉ ታዛባለች። ቦታን ለመወሰን የሦስት ሳተላይቶች ርቀት የሚበቃ ቢመስልም፣ የመቀበያው ሰዓት እንደ ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ትክክለኛ ስላልሆነ ስሕተቱን ለማረም አራተኛ ሳተላይት ያስፈልጋል።

ሞገዱ መሬት ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። አንቴናው የሚቀበለው ኃይል በግምት የአንድ ዋት አሥር ሺህ ትሪሊዮንኛ ነው። ብረት ይህን ሞገድ ይከለክላል፤ ውኃና የሰው አካልም ያዳክሙታል። ስለዚህ መቀበያው ሰማይን በግልጽ በሚያይ ቦታ መቀመጥ አለበት። በሞተር ብስክሌት ላይ ለዚህ የሚመቸው መሪው ነው። ችግሩ ግን መሪው ብዙ ከሚንቀጠቀጡት የብስክሌቱ ክፍሎች አንዱ መሆኑ ነው።

፪. ንዝረት

ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች በተመላለሰ ቁጥር መላውን ብስክሌት ይነቀንቃል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ቢዞር ድግግሞሹ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ ማለትም 100 ኸርዝ ይሆናል። መሪው ከመካከለኛ ቦታው ወደ ሁለቱም ወገን 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢንቀሳቀስ መሣሪያው ላይ ምን ይደርሳል? ከፍተኛው የፍጥነት ለውጥ እንዲህ ይሰላል፦

(2 × 3.14 × 100)² × 0.0001 = 39 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር

ይህ የመሬት ስበት ከሚሰጠው አራት እጥፍ ያህል ነው። እንቅስቃሴው ከፀጉር ውፍረት ብዙ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ መሣሪያው 360,000 ጊዜ በዚህ ኃይል ይወዘወዛል። ብሎን የሚላላውና የሽቦ ጫፍ የሚበጠሰው በዚህ ምክንያት ነው። አፕል ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2021 የከፍተኛ ጉልበት ሞተር ብስክሌቶች ንዝረት የአይፎን ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል ለተጠቃሚዎች ማሳሰቢያ አውጥቷል።

መፍትሔው ምንድን ነው? በመጀመሪያ የማሰሪያው ክንድ አጭር ይሁን። የአንድ ዘንግ ጥንካሬ ከርዝመቱ ኩብ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚለዋወጥ፣ ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ክንድ ስምንት ጊዜ የላላ ይሆናል። ቀጥሎ በመሣሪያውና በክንዱ መካከል ጎማ ይግባ። ጎማው ላይ የተቀመጠው መሣሪያ የራሱ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ አለው። ይህ 20 ኸርዝ ነው እንበል። የሞተሩ ድግግሞሽ 100 ኸርዝ ሲሆን ወደ መሣሪያው የሚያልፈው ንዝረት ጥቂት በመቶ ብቻ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ሲዞር ግን ሁለቱ ድግግሞሾች ይገጥማሉ፤ ንዝረቱም ይጎላል። ብስክሌቱ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ስክሪኑ ተንቀጥቅጦ፣ ጉዞ ሲጀመር የሚረጋው ስለዚህ ነው።

፫. ሽቦና ኃይል

የሞተር ብስክሌት ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ሲሆን ጂ.ፒ.ኤስ.ና የእጅ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት በ5 ቮልት ነው። ስለዚህ በመካከል መለወጫ ይገባል። መሣሪያው 10 ዋት ቢፈልግ፣ በመለወጫው የሚባክነው ሲታከል ከባትሪው የሚወጣው ፍሰት ወደ 1 አምፔር ይጠጋል።

መለወጫው መሣሪያው ሲነቀልም ጥቂት ፍሰት መጠቀሙን አያቆምም። ይህ 20 ሚሊ አምፔር ቢሆን በቀን 0.48 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የአንድ ትንሽ ሞተር ብስክሌት ባትሪ 5 አምፔር ሰዓት ቢይዝ በአሥር ቀን ገደማ ባዶ ይሆናል ማለት ነው። በመግቢያችን የጠቀስነው ሞተር ያልተነሳው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው መለወጫውን የማስነሻ ቁልፉ ሲዘጋ ከሚቋረጥ መስመር ጋር ማገናኘት ነው።

ከዚህ የበለጠ አሳሳቢው የፊውዝ ጉዳይ ነው። 0.75 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ውፍረት ያለው የ1 ሜትር የመዳብ ሽቦ ተቃውሞ 0.023 ኦም ያህል ነው። በ1 አምፔር ፍሰት የሚያመነጨው ሙቀት 0.023 ዋት ብቻ ስለሆነ በእጅ እንኳ አይታወቅም። የሽቦው ላስቲክ በመሪው መዞር ተፍቆ መዳቡ የብስክሌቱን ብረት ቢነካ ግን፣ ብረቱ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በተለምዶ ኮንታክት የምንለው ይፈጠራል። ፍሰቱ 100 አምፔር ቢደርስ ሙቀቱ በፍሰቱ ስኩዌር ስለሚያድግ 10,000 እጥፍ፣ ማለትም 230 ዋት ይሆናል። የሽቦው ሙቀት በእያንዳንዱ ሰከንድ በ90 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ላስቲኩም ወዲያው ይቀልጣል። ይህ የሚሆነው ከቤንዚን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

ብዙዎች ፊውዝ መሣሪያውን ለመጠበቅ የተሠራ ይመስላቸዋል። ዋና ተግባሩ ግን ሽቦውን መጠበቅ ነው። ስለሆነም የ2 ወይም የ3 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይገጠማል። በመሣሪያው በኩል ቢገጠም ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ሽቦው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ይሁን፤ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ሲዞርም እንዳይወጠር ትርፍ ይተውለት።

፬. የመጨረሻ ማሳሰቢያ

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አሽከርካሪ ዓይኑን ለሁለት ሰከንድ ወደ ስክሪኑ ቢጥል 33 ሜትር መንገድ ሳያይ ያልፋል። ስለዚህ መሣሪያው ከዓይን መስመር ብዙ ሳይርቅ፣ የፍጥነት መለኪያውንም ሳይጋርድ ይቀመጥ፤ መድረሻውም ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ይመዝገብ።

መልመጃ

1. ሞተሩ በደቂቃ 4,500 ጊዜ ሲዞር፣ መሪውም ወደ ሁለቱም ወገን 0.1 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ ከፍተኛው የፍጥነት ለውጥ ስንት ነው?
2. መለወጫው 15 ሚሊ አምፔር ቢጠቀም፣ 7 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በስንት ቀን ባዶ ይሆናል?

መልስ፦ 1. 22 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ያህል፤ 2. በ19 ቀን ገደማ።