የመኪና ማሞቂያ እምቢ ሲል፦ ከማንሻው በፊት ምንጩን እንፈትሽ

ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በክረምት ማለዳ ወደ ዱራሜ የሚነሳን ሹፌር የሚያስቸግረው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ የተሳፋሪው ትንፋሽ የፊቱን መስተዋት ጉም ያለብሰውና መንገዱ ይጠፋበታል። ስለዚህ ማሞቂያው የምቾት ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ማሞቂያው እምቢ ሲል ብዙዎቻችን ማንሻውን ወዲያና ወዲህ እንጎትታለን። ማንሻው ግን ያዛል እንጂ ሙቀት አይሠራም። እንደ አሮጌ ላዳና ፔጆ ባሉት መኪናዎች የሞተሩ ሙቅ ውሃ በጎማ ቱቦ ወደ አንድ ትንሽ ራዲያተር ይገባል፤ ቬንትሌተሩም በዚያ ላይ አየር ይነፋል። ምርመራውም ይህንኑ መንገድ ይከተላል።

1ኛ/ ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ውሃ ማየት። ውሃ ከጎደለ ማሞቂያው አይሠራም። ሞተሩ ከጋለ በኋላ ክዳኑ አይነካም! በእኛ ከፍታ የድስት ውሃ በ93 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ በክዳን የታፈነው ግን ከዚያ በላይ ሊግል ስለሚችል ሲከፈት ገንፍሎ ፊት ያቃጥላል።

2ኛ/ ቴርሞስታቱ መኖሩን ማረጋገጥ። «ለእኛ አገር ምን ያደርጋል?» ተብሎ የወጣበት መኪና አለ። ያለ እርሱ ሞተሩ በብርድ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅም ይበላል።

3ኛ/ ሞተሩ ሲሞቅ ሁለቱን የማሞቂያ ቱቦዎች በጥንቃቄ መዳሰስ። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ወይ የውሃው መክፈቻ ተዘግቷል፣ ወይ ትንሹ ራዲያተር በዝገት ተደፍኗል።

4ኛ/ ቱቦዎቹ ሞቀው አየር ካልነፈሰ ፊዩዙንና ቬንትሌተሩን መመርመር። ነፍሶም አቅጣጫው ካልተለወጠ ከማንሻው ጋር የተያያዘው ሽቦ ወልቆ እንደሆነ ማየት።

የቀድሞዋ ቮልስ ግን ለብቻዋ ናት። ሞተሯ ውሃ የለውም፤ አየሩ የሚሞቀው የጭስ ቧንቧውን በከበበው ሣጥን ውስጥ ሲያልፍ ነው። ቧንቧው ከተቀደደ ጭሱ ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። በጭሱ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደን ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። በጉዞ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማ መኪናውን አቁሞ መውረድ ይገባል። ቧንቧው እስኪጠገንም ማሞቂያው አይከፈትም።

ለክፍል ውይይት፦ ሀ/ ሁለቱም ቱቦዎች ቀዝቃዛ ቢሆኑ ምርመራው ከየት ይጀምራል? ለ/ ሙቀቱ ከሞተሩ እስከ መስተዋቱ የሚሄድበትን መንገድ በሥዕል አሳዩ።