በበረዶ ላይ ስለ መጓዝና ስለ ማደር

በክረምት በልደታ ሠፈር የቤቱን ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ ጥቂት ቆይቶ ቀልጦ ጎርፍ ይሆናል። ስለዚህ በበረዶ ላይ ተጉዞ፣ በበረዶም ላይ አድሮ መመለስ ለብዙዎቻችን የሩቅ አገር ሰው ሥራ ይመስለናል። ይሁን እንጂ አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ያለበትን የስሜንን ተራራ ሕዝብ እንዳስገበረ ይናገራል። በባሌም በሳነቴ አምባ ላይ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ነበረ። በዚያው ተራራ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ባለው በፍንጫ ሐበራ ዋሻ፣ ከ40,000 ዓመት በፊት ሰዎች እሳት እያነደዱ፣ ፍልፈል እየጠበሱ ይኖሩ እንደ ነበር ሊቃውንት በ2019 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል።

የበረዶ ግግር ማለት ለብዙ ዘመን ተደራርቦ፣ በክብደቱ ተጨቁኖ ጠጣር የሆነና በዝግታ ቁልቁል የሚንሸራተት በረዶ ነው። ዛሬ በአገራችን የለም። በአፍሪካ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ሲሆን፣ እርሱም በ2050 እ.ኤ.አ. ገደማ ሊያልቅ እንደሚችል ዩኔስኮ በ2022 እ.ኤ.አ. ገልጿል።

ግግሩ ባይኖርም ብርዱ አለ። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር፣ ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው፣ ልዩነቱ 14 ዲግሪ ያህል ነው። እንግዲህ በልደታ ሌሊቱ 8 ዲግሪ ቢሆን፣ በዳሽን ራስ ላይ ከዜሮ በታች 6 ይሆናል ማለት ነው።

ብርድ ሙቀታችንን የሚወስድባቸው ሦስት በሮች አሉ።

አንደኛው መሬት ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ያለው ሰው ሁለቱንም ከላይ ከሚደርብ አንዱን ከሥሩ ቢያነጥፍ ይሻለዋል። በበረዶ ላይ የሚያድር ሰው አስቀድሞ ስፍራውን በእግሩ ረግጦ ያጠብቃል፤ ለስላሳ በረዶ ካስማ ስለማይዝ ካስማውን አጋድሞ ይቀብረዋል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። የድንኳኑን በር ከነፋሱ አዙሮ መትከል፣ በነፋሱም በኩል የበረዶ ካብ መካብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። ጋቢ ጥጥ ስለ ሆነ ከረጠበ አያሞቅም፤ የሱፍ በርኖስና የመንዝ ዝተት ግን ረጥበውም ቢሆን ጥቂት ሙቀት ይይዛሉ። ላብም ያው እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ሲጓዙ መግፈፍ፣ ሲቆሙ መደረብ፣ ለመኝታም ደረቅ ካልሲ ማስቀመጥ ይገባል።

ውሃ የሚገኘው በረዶ በማቅለጥ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ የሚያቀልጠው ሙቀት ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ስለዚህ የምድጃ ነዳጅ አይቈጠብም፤ በረዶ እያኘኩ ጥምን ለማርካት መሞከርም የገላን ሙቀት ማባከን ነው። ነገር ግን የከሰል እሳት ወደ ተዘጋ ድንኳን ፈጽሞ አይገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም መልክም ስለሌለው፣ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድለዋል።

በግግር ላይ ደግሞ ትልቁ አደጋ በስስ በረዶ የተሸፈነ ጥልቅ ስንጥቅ ነው። ስለዚህ ተጓዦች ሦስት ወይም አራት ሆነው፣ ተራርቀው በአንድ ገመድ ይታሰራሉ፤ ገመዱ እንዳይላላም ይጠብቃሉ። ፊተኛው በዘንግ እየወጋ መንገዱን ይፈትናል። አንዱ ቢወድቅ የቀሩት ወዲያው ተጋድመው የበረዶ መጥረቢያቸውን በመሰካት ያግዱታል። ጉዞውም ፀሐይ በረዶውን ሳታላላው በማለዳ ይጀመራል።

በመጨረሻም፣ በከፍታ ላይ ራሱን የሚያመው፣ የሚያስመልሰውና የሚንገዳገድ ጓደኛ ቢኖር ሰነፍ ብሎ መሳቅ አይገባም። ሕመሙ የአየር መሳሳት ያመጣው ነውና ሳይዘገዩ፣ ሰው አስከትሎ ወደ ታች ማውረድ ነው። ጫፉ ላይ ሳይደርሱ መመለስ ነውር የለበትም።

ከዚህ ሁሉ ብዙው ያለ በረዶም ይለመዳል። ገመድ መቋጠርን፣ ድንኳን በነፋስ ውስጥ መትከልን፣ በጨለማ ዕቃን ለይቶ ማግኘትን በተማሪ ቤታችን ግቢ መለማመድ እንችላለን። እጅ በብርድ ከደነዘዘ በኋላ ቋጠሮ መማር አይቻልምና፣ ትምህርቱ ከጉዞው ይቅደም።