ክኒኑን አይተዉ፣ ስኳሩን ያስለኩ

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ስለ ስኳር በሽታ ላነሷቸው ጥያቄዎች የአእምሮ ሐኪማችን የሰጡትን መልስ እነሆ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ለሌላ ሰው የማይሰማ ድምፅ እየሰማሁ ብዙ ተሠቃይቻለሁ። ኦላንዛፒን ከጀመርኩ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶልኝ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ይሁን እንጂ በስድስት ወር 11 ኪሎ ጨመርኩ። በቅርቡ ቁርስ ሳልበላ ስለካ ስኳሬ 118 ሆነ። እናቴ «ይሄን ያመጣብሽ ክኒኑ ነው፤ በቃ ተይው» ትለኛለች። ብተወው ይሻለኛል?

መልስ፦ አይተዉት። እናትዎ ግን ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ክብደትንና ስኳርን በመጨመር ከአእምሮ መድኃኒቶች ሁሉ የሚብሱት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ናቸው። በአንጎል ውስጥ «ጠገብኩ» የሚለውን ስሜት ያዳክማሉ። የሚወስዳቸው ሰው ማዕድ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይርበዋል፤ አንዳንዱም ሌሊት ተነሥቶ ምግብ ይፈልጋል። ይህ ሆዳምነት አይደለም፤ ቤተሰብ ይህን ቢረዳ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። በተጨማሪም መድኃኒቶቹ ኢንሱሊን ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ስለሚያደርጉ፣ ምንም ኪሎ ያልጨመረ ሰው እንኳ ስኳሩ ሊወጣ ይችላል።

ይህ ከታወቀ ቆይቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. የእነዚህ አዳዲስ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች አምራቾች ስለ ስኳር በሽታ ማስጠንቀቂያ እንዲጽፉ ጠይቋል። በማግሥቱ ዓመት የዚያው አገር የስኳር በሽታ ማኅበርና የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆነው የክትትል መመሪያ አወጡ። በመመሪያው መሠረት መድኃኒቱ ሲጀመር ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና የደም ቅባት ይለካል። ክብደት በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት እንደገና ይታያል፤ ስኳር ደግሞ በ3ኛው ወር፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ ይመረመራል። ይህን ለመፈጸም ትልቅ ሆስፒታል አያስፈልግም። ሚዛን፣ ሜትርና የስኳር መለኪያ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል። ብዙ ቦታ የጎደለው መሣሪያው ሳይሆን ልማዱ ነው፤ ይህም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ 118 እንምጣ። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል። 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው። እርስዎ ገና ስኳር በሽተኛ አልሆኑም፤ ለመመለስም ጊዜ አለዎት። ክኒኑን በድንገት ቢያቆሙ ግን ድምፁ ሊመለስ፣ ሥራዎም እንደገና ሊቋረጥ ይችላል። ከዚያ ይልቅ ለሐኪምዎ ውጤቱን ያሳዩና ምን አማራጭ እንዳለ ይጠይቁ። ሃሎፔሪዶልና አሪፒፕራዞል ክብደትና ስኳር ላይ የሚያመጡት ጫና አነስተኛ ነው፤ ሪስፔሪዶን መካከለኛ ነው። ሁሉም የየራሳቸው ጣጣ ስላላቸው መቀየሩ በሐኪም ምክር ብቻ ይሁን። መቀየር ካልተቻለ ሜትፎርሚን መጨመር የክብደቱን ጭማሪ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል።

ማዕዱን በተመለከተ ከለስላሳ መጠጥና ከሻይ ስኳር ይጀምሩ። እንጀራ መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን ቀንሰው ምስሩን፣ ጎመኑንና ሰላጣውን ያብዙ። በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ስኳርን ያወርዳል፤ ለስሜትም በጎ ነው።

ጥያቄ፦ አባታችን 61 ዓመታቸው ነው። ለአእምሮ ሕመማቸው ክሎርፕሮማዚን፣ ለስኳራቸው ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። በጾም ወቅት ከሰዓት በኋላ ላብ በላብ ይሆናሉ፤ ይቆጣሉ፤ የሚናገሩትም አይገናኝም። ሕመሙ ተነሣባቸው ብለን አንዴ ክኒናቸውን ጨምረን ሰጥተናቸዋል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው። የጻፋችሁት ሁሉ የስኳር መውረድ ምልክት ነው። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ንዴትና መቀባጠር ይመጣል። የአእምሮ ታማሚ ላይ ሲታይ ደግሞ ቤተሰቡም፣ አንዳንዴ ባለሙያውም «ተነሣበት» ይላል። ሰውየው ሊታሰር፣ ጸበል ሊወሰድ ወይም የሚያስተኛ መርፌ ሊወጋ ይችላል፤ ስኳሩ ግን እየወረደ ነው። በዚህ ሰው ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ መጀመሪያ ጣቱን ወግታችሁ ለኩ። መለኪያ ከሌለ እንደወረደ ቁጠሩት። መዋጥ የሚችል ከሆነ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙ፤ ሲነቃም ምግብ ስጡት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ ወደ ሕክምና አሩጡት። ግሊቤንክላማይድ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ በዚህ መድኃኒት የወረደበት ሰው ቢነቃም በሐኪም መታየት አለበት። ለእጅ መንቀጥቀጥ ወይም ለመቁነጥነጥ ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ደግሞ የልቡ ምትና የእጁ መንቀጥቀጥ ሊደበቅ ይችላል፤ ላቡን ተመልከቱ።

አባታችሁ ግሊቤንክላማይድ ውጠው ሳይበሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለባቸውም። በሁዳዴም በረመዳንም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ የነፍስ አባት ወይም ሼኽ ቢጠየቁ ይነግሯችኋል። ልጹም ካሉ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸው ሰዓቱንና መጠኑን ያስተካክልላቸው። ጸበልም ቢሄዱ ሁለቱም መድኃኒት አብሯቸው ይሂድ። ክኒናቸውን በራሳችሁ ፈቃድ ዳግመኛ አትጨምሩ።

ጥያቄ፦ ሊትየም እወስዳለሁ። ውኃ ጥሙ አላስቀምጥ አለኝ፣ ሌሊትም ለሽንት እነሣለሁ። ስኳር ይዞኝ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራው ደቂቃ አይፈጅምና ያስለኩ። ነገር ግን ሊትየም ራሱ ኩላሊት ውኃ እንዳይቆጥብ በማድረግ ስኳር የሌለበትን ሰው በጥም ያቃጥላል፣ ሽንት ያበዛል። ስኳርዎ ደህና ከሆነ የኩላሊትና የሊትየም መጠን ምርመራ ይጠይቁ። እስከዚያ ውኃ አይቀንሱ። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ሊትየም በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ማስታወክ፣ ከባድ መንቀጥቀጥና መንገዳገድ ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አሚትሪፕቲሊንና ክሎርፕሮማዚንም አፍ ያደርቃሉ፤ ጫትም እንዲሁ። ብዙ ሰው ድርቀቱን በለስላሳ ሊያስታግሠው ይሞክራል። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ግን 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። ጥምን የሚያስታግሠው ውኃ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በየወሩ መርፌ ይወጋል እንጂ ክኒን አይውጥም። እርሱም ስኳር መመርመር አለበት?

መልስ፦ አዎ። መድኃኒቱ በመርፌ መሰጠቱ ከስኳር አያድንም። ደግሞም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ለዚህ ሲጋራው፣ ከቤት አለመውጣቱ፣ ድህነቱና ሌላ ሕመም ሲኖር ሰሚ ማጣቱም አስተዋጽኦ አላቸው። ለመርፌው በሄደ ቁጥር ሚዛን ላይ ይውጣ፤ በዓመት አንዴም ስኳሩን ይለካ።

ጥያቄ፦ ለስኳሬ አንድ ሆስፒታል፣ ለድባቴዬ ሌላ ሆስፒታል እከታተላለሁ። አንዱ ስለሌላው የሚያውቀው ነገር የለም። ያስፈራል?

መልስ፦ ያስፈራል። ድባቴው ሲጠና የስኳር መድኃኒት ይዘነጋል፣ ምግብ ይዛባል፤ የስኳር ሐኪምዎ ግን ጥፋቱን በስኳር ክኒኑ ላይ ሊያደርግ ይችላል። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ የድባቴ መድኃኒት ሲጀመርም ስኳር ትንሽ ሊወርድ ስለሚችል የኢንሱሊን መጠን መታየት አለበት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑ በአንድ ወረቀት ላይ ያስጽፉና ለሁለቱም ሐኪሞች ያሳዩ። ከቤተሰብ የሚያምኑት አንድ ሰው የስኳር መውረድ ምልክቶችን ይወቅልዎ። ቁስል እንዳይኖርበት እግርዎን ማታ ማታ ይመልከቱ። ማስታወክ፣ ፈጣን አተነፋፈስና ከአፍ የበሰበሰ ፍራፍሬ የመሰለ ሽታ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

የሙያ ባልደረቦቼንም እለምናለሁ፦ ታማሚው ስለ ጥም፣ ስለ ክብደት ወይም ስለ ድካም ሲነግራችሁ የአእምሮ ሕመሙ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ስኳሩን ለኩ፣ ውጤቱንም ካርዱ ላይ ጻፉለት።