ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜና እሁድ ልጆቻችንን ይዘን ከኦሞራቴ ስንወጣ

ኦሞራቴ የሚመጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠዋት ከቱርሚ ተነስቶ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይመለሳል። ሁለተኛው ሥራ አምጥቶት፣ ቤተሰቡን አስከትሎ ቤት የሚከራይ ነው፤ ከአዲስ አበባም ይሁን ከአርባ ምንጭ፣ ከኬንያም ይሁን ከአውሮፓ። ይህ ማሳሰቢያ ለሁለተኛው ነው። ቱሪስቱ ያበላሸውን ትቶ ይሄዳል። እኛ ግን ሰኞ ጠዋት ያንኑ ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ያችኑ ሴት ገበያ ውስጥ፣ ያንኑ ባለ ታንኳ ወንዙ ዳር እናገኛቸዋለን።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቤት መዋል እዚህ አይሞከርም። ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር በማይሞላ ቆላ ላይ ነው ያለነው፤ ቆርቆሮው ሲግል ልጅም አዋቂም ደጅ ደጁን ያያል። ስለዚህ እንወጣለን፤ መውጣታችንም ደግ ነው። ከዚህ በታች የሰፈረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ካለማወቅ ነው፤ ከደግነት ብዛት የሚመጣውም ቀላል አይደለም።

ወንዙ ዳር

ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው ወስዷል። ታኅሣሥ 2009 የጊቤ 3 ግድብ ከተመረቀ በኋላ «ወንዙ ተገርቷል» የሚል ወሬ ነበር። በ2016 ደግሞ ወንዙና የቱርካና ሐይቅ ሞልተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ከቀያቸው አፈናቀሉ። እንግዲህ የዚህን ወንዝ ጸባይ ከወሬ መማር አይቻልም።

እናድርግ፦

– ልጆቻችንን ከውሃው ጠርዝ ራቅ አድርገን እናስቀምጥ፤ ውሃው ድፍርስ ስለሆነ አዞ ሲቀርብ አይታይም።

– ከመሻገራችን በፊት ባለ ታንኳውን እንጠይቅ፤ ወንዙ ከትናንት ዛሬ ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። «ዛሬ ይቅር» ካለም ይቅር፤ ብር ጨምረን ብናግባባው ሕይወቱን ጭምር እየገዛን ነው።

– ታንኳው ውስጥ ዝቅ ብለን እንቀመጥ፤ ከግንድ የተፈለፈለ ታንኳ አንድ ሰው ብድግ ሲል ሁሉንም ይዞ ይገለበጣል።

– ዋጋውን ሳንሳፈር እንጨርስ፤ ማዶ ደርሶ መጨቃጨቅ ከእኛ ቀጥሎ የሚመጣውን ያስጠላል።

– ለልጆች ላይፍ ጃኬት ከየትም ብለን እንግዛ፤ ልጃችን ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ዘሎ የሚገባው የሌላ ልጅ አባት ነው።

እንተው፦

– «የአገሬው ልጆች ይዋኙ የለም ወይ» ብሎ ልጅን መልቀቅ፤ እነሱ የት መግባት እንደማይገባ ከሕፃንነታቸው ተምረዋል።

– ወንዙ ሲሸሽ ርጥብ ሆኖ የሚቀረውን ዳርቻ በእግርም በመኪናም መርገጥ፤ ባዶ መሬት የሚመስለን የአንድ ቤተሰብ የማሽላና የበቆሎ ማሳ ነው።

– ለጎርፍ መከላከያ የተከመረውን አፈር የሞተር ሳይክል መለማመጃና የልጆች መንሸራተቻ ማድረግ፤ የላላው ቦታ መጀመሪያ ውሃ የሚያስገባው ወደ ድሃው ቤት ነው።

– ተፈናቃዮች የሰፈሩበትን መጠለያ «እስኪ እንየው» ብሎ መጎብኘት፤ ቤቱን ያጣ ሰው ደግሞ መታያ መሆን የለበትም። መርዳት የፈለግን በወረዳው ወይም በቤተ እምነታችን በኩል እንርዳ።

ማዶ፣ የሰው ደጅ

የዳሰነች ቤት ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ክብ ቤት ነው፤ ቆዳና ቆርቆሮ ይለብሳል። የምትሠራው ሴቷ ናት፤ ፈቃድም ከእሷ ነው የሚጠየቀው። ብዙዎቻችን ግን አስጎብኚውን ብቻ አናግረን ልጆቻችንን እየመራን ዘው እንላለን። ጂንካ ወይም አዲስ አበባ ባለው ቤታችን እንዲህ ያለ ቤተሰብ ቢገባብን በሩን እስከ መጨረሻው እንዘጋበት ነበር።

ስለ ፎቶ ክፍያ ትንሽ ላስፋ። «ሰው ፊቱን ይሸጣል» እያልን ስናማ እንሰማለን። ይህን ልማድ መንደሩ ብቻውን አልፈጠረውም። ካሜራ አንጠልጥሎ የመጣ ሁሉ እየቆጠረ መክፈል ሲጀምር፣ የሚነሳውም እየቆጠረ መቀበል ጀመረ። ዛሬ ልጆች ጌጥ ጭነው፣ ተቀብተው፣ የማናውቀው መኪና በመጣ ቁጥር ይደረደራሉ። ይህን እንደ እኛ ያለ ነዋሪ ብቻውን አያስቀረውም፤ አለማባባስ ግን ይችላል፤ ቱሪስት የሌለው አንድ ነገርም አለው፤ ጊዜ።

እናድርግ፦

– የመጀመሪያውን ጉብኝት ያለ ካሜራ እናድርገው፤ ስም መለዋወጥ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

– በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ፎቶ ካነሳን ጂንካ አሳጥበን መልሰን እንውሰድ፤ ፎቶው የተነሳው ሰው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ውለታው ይመጣጠናል።

– አስጎብኚ ከዳሰነች ልጆች መካከል እንቅጠር፤ ገንዘቡ እዚሁ ይቀራል፣ የማይነካውንም ሳንነካው ይነግረናል።

– ከቡና ገለባ የተፈላውን በቅል ሲሰጡን በሁለት እጃችን እንቀበል፤ ባንጠጣው እንኳ ፊታችንን አናጨማድድ፤ አፍንጫ የያዘውን ልጃችንን ያየች እናት አትረሳውም።

– ከመግባታችን በፊት ለልጆቻችን እቤት እንንገራቸው፤ ጮክ ብሎ የተጠየቀ «ለምን ልብስ አልለበሱም?» አስተርጓሚ አይፈልግም።

እንተው፦

– ሳይፈቀድልን በሰው በርኮታ ላይ መቀመጥ፤ ቀን መቀመጫው፣ ሲጋደም ትራሱ፣ ሁልጊዜም ከእጁ የማይለይ ዕቃው ነው።

– የሕፃናትን ፎቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ መለጠፍ፤ ነገ አድገው ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሚያዩት ራሳቸውን ነው።

– በዳሰነች የዲሚ ሥርዓትም ሆነ በሐመር የከብት ዝላይ ላይ ሳይጠሩ መገኘት፤ ዲሚ አባት ሴት ልጁን የሚመርቅበት፣ ለዓመታት ያጠራቀመውን ከብት የሚያርድበት ቀን ነው፣ ትርዒት አይደለም። ከተጠራን ደግሞ ደጋሹን ቤተሰብ ጠይቀን ጥግ እንያዝ።

– አረቄ ይዞ መሄድ፤ እኛ ሞቅ ብሎን ከተመለስን በኋላ ጠቡ እዚያ ይቀራል።

የመኪናው መስኮት

«ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ከመኪና ጎን የሚሮጡ ልጆችን ያላየ የለም። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ እዚህ ዕቃ ነው፣ ውሃም ወተትም ይያዝበታል። መስኮት ዝቅ አድርጎ መወርወር ደግነት ይመስላል። አንዱን ፕላስቲክ ሁለት ልጆች ይሻሙበታል፣ ከኋላችን ያለው መኪና ሁለተኛውን ልጅ አያየውም።

እናድርግ፦

– የሳምንቱን ፕላስቲክ አጥበን፣ አጠራቅመን፣ መኪናችንን አቁመን ለእናቶች እንስጥ፤ ያኔ ሩጫ አይኖርም።

– እስክሪብቶና ደብተር ለትምህርት ቤቱ እናስረክብ፤ መምህሩ የጎደለበትን ልጅ ያውቃል።

– ከብት ስናይ ቆመን እናሳልፍ፤ ከእረኛው ጀርባ የሚበላ ቤተሰብ አለ። የሰው ፍየል ከገጨን እንውረድ፣ ባለቤቱን እንፈልግ፤ ያመለጠ አሽከርካሪ ዕዳውን የሚተወው ቀጥሎ ለሚያልፈው ነው።

እንተው፦

– ከረሜላና ሳንቲም በመስኮት መበተን፤ ከመንጋው የራቀ እረኛ ማታ አባቱ ፊት ይቆማል።

– ጀሪካን ተሸክመው በሚያልፉ ሴቶች ፊት በንጹህ ውሃ መኪና ማጠብ፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

– በማታ መንዳት፤ ከብትም ሰውም አስፋልቱ ላይ ነው።

ገበያና የጥንት ድንጋይ

ቅዳሜ ዲመካም ጂንካም ገበያ ነው፤ ቱርሚ ሰኞ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ። ቅቤ፣ ማር፣ ቅል፣ የሚቀባ ቀይ አፈር፣ ፍየል ይሸጣል። ዝርዝር ብር ይዘን እንሂድ፤ ለሁለት መቶ ብር መልስ ፍለጋ ሻጯ ገበያዋን ጥላ ትዞራለች። ሳንገዛ ፎቶ አናንሳ፤ ዕቃዋን ከበን ደንበኛ እናግድባታለን። ከእጇ ላይ ያለውን አምባር «ሽጪልኝ» አንበላት፤ ተቸግራ ከሸጠችው የእናቷን ሊሆን ይችላል። ለሽያጭ የተሠራው ሞልቷል።

ልጆች ደግሞ ድንጋይ መልቀም ይወዳሉ። ብዙ ቦታ ችግር የለውም፣ እዚህ ግን አለው። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኪቢሽ አጠገብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 የተገኘው የሰው ቅሪት ቀደም ሲል 195 ሺህ ዓመት ተብሎ ነበር፤ በ2022 የወጣው ጥናት ቢያንስ ወደ 233 ሺህ ዓመት ከፍ አድርጎታል። ይህ የታወቀው ከአጥንቱ ብቻ ሳይሆን ከላዩ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ያረጀ አጥንትና የተጠረበ ድንጋይ ሲያዩ ባለበት ይተዉት፤ ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ዕድሜውን መሬት ላይ ትቶት ይሄዳል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ማንሳት በአዋጅ ቁጥር 209/1992ም የተከለከለ ነው። ፎቶ አንስተው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ማሳየት ግን ይችላሉ፤ ለአንድ ልጅ ከዚህ የተሻለ ቅዳሜ ያለ አይመስለኝም።

ጂንካ ስንወጣ

ጂንካ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማታ ሹራብ ይያዝ። ኮረብታው ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከል ሙዚየም በእኔ ግምት የማንኛውም አዲስ ቤተሰብ የመጀመሪያ መውጫ መሆን አለበት፤ ሙዚየሙን ያየ ልጅ መንደር ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። ማጎ ፓርክ የምንሄድ ጠባቂ ስካውት ይዘን እንግባ። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ልብስ እንተው፤ የገንዲ ዝንብ ይስባል፣ መኪና ውስጥ ካስገባናትም ከእኛ ጋር ትጓዛለች።

ያመመን ቀን ግን የትም አንሂድ። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ይፋ ሲሆን ሁላችንም እጅ መጨባበጥ ፈርተን ነበር፤ ያን ጥንቃቄ ጉንፋን ሲይዘንም እናስታውሰው፤ ማዶ ያለው መንደር ከጤና ጣቢያ የራቀ ነው። ከጉዞ መልስ ትኩሳት የያዘው ልጅም ደሙን ሳይመረመር አይደር፤ ወባ ካለበት ከእሱ የጠጣች ትንኝ ከቀናት በኋላ የጎረቤቱን ልጅ ትነድፋለች።

ከመውጣታችን በፊት

– የምንሄድበትንና የምንመለስበትን ሰዓት ለጎረቤት እንንገር፤ ስልክ በማይሠራበት መንገድ ላይ ብንቀር ፈላጊው የት እንደሚጀምር ይወቅ።

– የመታወቂያና የፓስፖርት ቅጂ እንያዝ፤ ኬንያ ቅርብ ናት፣ ልጆች ሲጫወቱ ድንበር አያዩም።

– ግጭት በተሰማበት ሰሞን ወደ ሐይቁና ወደ ድንበሩ አንሂድ፤ ለእኛ ጥበቃ የሚላከው ፖሊስ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

– ወደ ማዶ ስንሄድ በመኪናችን ባዶ ቦታ ካለ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው እንዳለ እንጠይቅ፤ በመመለሻችን እናደርሰዋለን።