ጎልፍ እንሂድ ቢሉሽ

እታለም፣ ሻንጣው ይቆይና ስሚኝ። የጃፓኑ የትብብር ድርጅት ጃይካ ለሩዝ ሥልጠና ጃፓን፣ ጹኩባ ሲወስድሽ ከሚያሠለጥኑሽ አንዱ በእረፍት ቀን «ጎልፍ እንሂድ» ሊልሽ ይችላል። ጹኩባ ያለችበት ኢባራኪ የሚባለው አውራጃ ጎልፍ ሜዳ የሞላበት ነው። እምቢ እንዳትዪ።

ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ልበሺ፤ ጂንስ ይቅር። መምቻው እንደ ገና ዱላ ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ የገና ጩኸት ግን የለም። ሰው ሊመታ ሲል ትንፍሽ አይባልም። ዘጠኝ ጉድጓድ ላይ ጨዋታው ይቆምና ምሳ ይበላል። ጾም ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ፤ አብዛኛው ሾርባቸው ከዓሣ ነው የሚነሳ።

ከጨዋታው በኋላ ገላ መታጠብ አለ። አትደንግጪ፣ ዋንዛዬ ፍል ውሃ የሄደ ሰው ምን ይፈራል? ሴቱ ለብቻ፣ ወንዱ ለብቻ ነው። ዳር ላይ ካለችው ትንሽ ወንበር ቁጭ ብለሽ በሳሙና ጥርት አድርገሽ ከታጠብሽ በኋላ ነው ገንዳው የሚገባው፤ ልብስም ሳሙናም ይዞ አይገባም። አንገትሽ ላይ ያለውን ንቅሳት ግን ለጋባዥሽ አስቀድመሽ ንገሪ። እዚያ ንቅሳት የወንበዴ ምልክት እየመሰላቸው ብዙ ቦታ ይከለክላሉ። የእኛ አያቶች ለጌጥና ለመስቀል እንደተነቀሱት ማን ነግሯቸው!

ኦአራይ ጎልፍ ሜዳ ከወሰዱሽ ደግሞ ዓይንሽን ከኳሷ ላይ አንሺ። ሜዳውን ኢኖዌ ሴይቺ የሚባል ሰው ነው የነደፈው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ፓስፊክ ዳር፣ ጥቁር ጥድ መሐል ነው፤ ነፋሱ ኳሷን ወስዶ ጫካ ይጥላታል። ከጹኩባ ስትነሺ መንገዱ ዳርና ዳር ሩዝ ነው፤ ካሱሚጋውራ ሐይቅ አካባቢ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ሥራሥርም ያመርታሉ። ጎልፉን የምታገኚው ሩዙ ሲያልቅ፣ አሸዋው ላይ ነው። የእርሻውን መሬትማ ያለ ፈቃድ ለሌላ እንዳይውል ሕግ ይከለክላል። ሌላ ቀን ወደ ቶኔ ወንዝ ውሰዱኝ በያቸው፤ እዚያ ጎልፉ ከጎርፍ መከላከያው ወዲያ፣ ወንዙ በኩል ነው። ወንዙ ሲሞላ የሚጠልቀው ሣሩ ነው፤ ቤቱና ማሳው ከመከላከያው ወዲህ ናቸው።

ሁሉን አወድስልሽ ዘንድ አይደለም። ስንት ኮረብታ ለጎልፍ ደኑ ተመንጥሯል፤ ኋላም ከከሰሩት ሜዳዎች አንዳንዶቹ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሆነዋል። ላም የማይግጠው ያ ሁሉ ሣርም እኔን ያንገበግበኛል። የእኛውን የፎገራ ሜዳ ሩዝ ከጅግናና ከሻጋ ተነስቶ ሲያለብሰው የፎገራ ላም ግጦሿን አጥታ የለም?

እንግዲህ ወንዞቻችን ርብና ጉማራ በየክረምቱ ሲገነፍሉ ውሃው የሚያርፍበት ቦታ ማን ለየለት? ቶኔ ላይ ይህን ጠይቂልኝ፦ መከላከያውን ከወንዙ ስንት እርምጃ አራቁት? ያንን መሬት የተወውስ ማን ነው፣ በምን ካሳ? ጽፈሽ አምጪልኝ። ወረታ ያሉት የሩዝ ምርምር ማዕከል ልጆችም ይፈልጉታል።

የዝናብ ልብስሽን እንዳትረሺ፤ ሰኔ ላይ እዚያም ዝናብ ነው።