በመጽሐፍ መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው?



ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማርባቸው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ብዙዎቻችን መጽሐፍ ስንከፍት የመጀመሪያዎቹን ገጾች ዘለን ወደ አንደኛው ምዕራፍ እንሮጣለን። ባለፈው ዓመት እኔ ስላነበብሁት መጽሐፍ በክፍል ፊት ቆሜ ስናገር፣ እነዚህን ገጾች በጥድፊያ አይቼ ነበርና «ደራሲው ራሱን ከጸሐፊዎች ሁሉ አብልጦ ያመሰግናል» አልሁ። መምህራችን መጽሐፉን ተቀብለው ቢመለከቱ፣ ምስጋናውን የጻፈው ደራሲው ሳይሆን ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔን ግን ከሳቁ ይልቅ የቆጨኝ ያልበደለውን ሰው ትዕቢተኛ ማለቴ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም ስለዚሁ ነው።

በገጹ ላይ የነበረው ርእስ «ፎርወርድ» ይላል። «ፎር» በፊት፣ «ወርድ» ቃል ማለት ስለሆነ ቅድመ ቃል ማለት ነው። «ወደ ፊት» ማለት ከሆነው «ፎርዋርድ» ጋር ድምፁ ስለሚቀራረብ፣ ስንጽፍ እንዳናምታታው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ፕረፌስ» ከላቲን፣ «ፕሮሎግ» ከግሪክ የመጡ ሲሆኑ የእነርሱም ሥር አስቀድሞ መናገር ማለት ነው። እንግዲህ ሦስቱ ቃላት በሥራቸው እንጂ በሥራቸው መነሻ ትርጓሜ አይለያዩም። እኛም በአማርኛ ፎርወርድንም ፕረፌስንም ብዙ ጊዜ «መቅድም» ስለምንላቸው በቀላሉ እንሳሳታለን።

ልዩነታቸውን በሐይቃችን ምሳሌ ላስረዳ። በጀልባ ለመሄድ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆማችኋል እንበል። አንድ ሌላ ሰው መጥቶ «ይህ ባለ ጀልባ ጎበዝ ነው፤ አትፍሩ» ቢላችሁ ይህ ፎርወርድ ነው፤ ምስክርነቱን የሚሰጠው ሌላ ነውና። ባለ ጀልባው ራሱ ሥራውን ለምን እንደ ጀመረና ማን እንደ ረዳው ቢያወራችሁ ፕረፌስ ነው። ስለ ሐይቁና ስለ ጉማሬዎቹ አስቀድማችሁ ማወቅ የሚገባችሁን ቢነግራችሁ ግን «ኢንትሮዳክሽን» ነው። ይህ ቃል በላቲን ወደ ውስጥ መምራት ማለት ስለሆነ «መግቢያ» ከሚለው ቃላችን ጋር ይስማማል። ፕሮሎግ ደግሞ የቴአትሩ ወይም የልብ ወለዱ አካል ነው፤ በሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልየት» መጀመሪያ የሚሰማው ፕሮሎግ የፍቅረኞቹን ሞት አስቀድሞ ይናገራል።

ሆኖም ርእሱን ብቻ አይቶ መፍረድ አይበቃም። ፖርቱጋላዊው ዠሮኒሞ ሎቦ በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን መጥቶ ያየውን ጻፈ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ይህን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛው ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 እ.ኤ.አ. ሲያሳትመው ፕረፌስ ጨመረበት፤ በዚያም ሎቦ ተረት ሳይፈጥር በመጻፉ ያመሰግነዋል። ፕረፌሱን የሎቦ አድርጎ የሚያነብ ሰው የእኔን ስሕተት ይደግማል።

በአገራችንም የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1948 ዓ.ም.፣ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ፣ በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ትጋት ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚከፍት ሰው መምህሩ ወይስ ደቀ መዝሙሩ እንደሚናገር መለየት ይገባዋል።

ስለዚህ፣ ጓደኞቼ፣ መጽሐፍ ስንከፍት ሦስት ነገሮችን እንመልከት። አንደኛ፣ ከጽሑፉ ሥር የማን ስም አለ? ሁለተኛ፣ የሚናገረው ስለ ደራሲው ነው፣ ስለ መጽሐፉ አጻጻፍ ነው፣ ወይስ ስለ ትምህርቱ? ሦስተኛ፣ መቼ ተጻፈ? ይህ ሁሉ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ብናደርግ ደራሲው ያልተናገረውን ቃል በአፉ ከማኖር እንድናለን።