ደወሉን አትደውል

ባለፈው የተካፈልክበት ጉባኤ ላይ ምን ተማርክ?

ቶሎ መልስ!

ቦርሳውን አስታወስክ አይደል? ባጁንም። የጋራ ፎቶው እስካሁን ስልክህ ውስጥ አለ። የምሳው ጥብስ ሳይቀር ትዝ ይልሃል። ትምህርቱስ?

ዝም አልክ። አትፈር፣ ብቻህን አይደለህም።

አሁን ወንበሩን እናዙረው። አለቃህ ጠርቶ "የዘንድሮውን ጉባኤ የምታስተባብረው አንተ ነህ" ብሎሃል እንበል። ምን ታደርጋለህ? የአምናውን መርሐ ግብር ከኮምፒውተርህ አውጥተህ ቀኑን ብቻ ትቀይራለህ?

እንዳታደርገው! (አንቺም እህቴ፤ "አንተ" የምለው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው።)

እኔ አድርጌው አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሾፍቱ ላይ የሁለት ቀን የባለሙያዎች ጉባኤ አስተባበርኩ። 14 ገለጻ ደረደርኩ። በኩራት! በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በኋላ፣ 8፡30 ገደማ፣ አዳራሹን ምን ሞላው? ማንኮራፋት። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ አቅራቢው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እሳቸውም ከፍ አደረጉ።

ሻይ ዕረፍት ላይ ግን ሌላ ዓለም ሆነ። እነዚያው ሰዎች ነቅተዋል። አንዷ ሶፍት ላይ እየሳለች የመሥሪያ ቤቷን የመዝገብ አያያዝ ለሦስት ሰዎች ታስረዳለች። ሌላው "ታዲያ እኛ ጋ ለምን አልሠራም?" እያለ ይሟገታል። እንቅልፋሙ ትልቅ ሰው እንኳ መሐል ገብተው የ20 ዓመት ልምዳቸውን ያካፍላሉ።

እኔስ? ደወል ይዤ ወጣሁ። "ሰዓት አልቋል፣ ግቡ!" እያልኩ፣ እየደወልኩ ወደ እንቅልፋቸው መለስኳቸው።

አሜሪካዊው ሃሪሰን ኦወንም ይችን ትምህርት በውድ ነው የገዛት። እ.ኤ.አ. በ1983፣ 250 ሰው የሚካፈልበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለማሰናዳት አንድ ዓመት ሙሉ ለፋ። ሲያልቅ ግን ሁሉም ያደነቁለት የቡና ዕረፍቱን ነው። ምንም ያልለፋበትን!

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እሱ ግን ራሱን ጠየቀ፤ ጉባኤው ሁሉ እንደ ቡና ዕረፍቱ ቢሆንስ?

ከሁለት ዓመት በኋላ እሱ በጠራው ጉባኤ ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ላይ 85 ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አስቀድሞ የተጻፈ መርሐ ግብር አልነበረም። የሚያሳስብህን ጉዳይ ወረቀት ላይ ትጽፋለህ፣ ተነሥተህ ትናገራለህ፣ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለህ፤ ጉዳዩ የሳበው ይከተልሃል። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ የሦስት ቀኑ ጉባኤ በተሳታፊዎቹ እጅ ተዘጋጀ። ዛሬ ይህ ዘዴ "ኦፕን ስፔስ" ይባላል። አንድ ሕግ አለው፤ የማትማርበትም የማታስተምርበትም ቦታ ከተቀመጥክ ሁለት እግር አለህ፣ ተነሥና ወደሚጠቅምህ ሂድ።

ለኦወን ሐሳቡን ካበሰሉለት ነገሮች አንዱ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ቀደም ሲል በፎቶ ጋዜጠኝነት ሲሠራ ላይቤሪያ ውስጥ በአንዲት መንደር ያየው በዓል ነው። 500 ሰው፣ አራት ቀን፣ ያለ አንድ የዝግጅት ኮሚቴ! ጥበቡ ከአፍሪካ መንደር ተነሥቶ ካሊፎርኒያ ገባ፣ ከዚያ ተመልሶ በፕሮጀክት ስም እኛ ጋ ይመጣል።

ለመሆኑ ቡናን ለኛ ማን ያስተምረናል? አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጎረቤት ተጠራርቶ ረከቦቱን ሲከብ ፓወር ፖይንት የሚከፍት አይተሃል? በዚያ ክብ ዙሪያ ስንት ጠብ በርዷል፣ ስንት ዕቁብ ተጀምሯል! ታዲያ ቤታችን የምናውቀውን አዳራሽ ስንገባ ለምን እንረሳዋለን?

"እሱ ጨዋታ ነው፤ ትምህርት ማለት ገለጻ ነው" ትለኝ ይሆናል።

እርግጠኛ ነህ? እ.ኤ.አ. በ2019 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። ግማሾቹ ጎበዝ መምህር ያዳምጣሉ፤ ግማሾቹ ያንኑ ትምህርት በቡድን ሆነው ራሳቸው እየታገሉ ይሠራሉ። ፈተና ላይ የበለጡት የታገሉት ናቸው። "ብዙ ተምረናል" ብለው የተሰማቸው ግን አዳማጮቹ! የመማር ስሜትና መማር ይለያያሉ። ስለዚህ የማጠቃለያ መጠይቅህ ላይ "በጣም ጥሩ" የሚለው ሁሉ ምልክት ቢደረግበት ቶሎ አትደሰት።

ሌላም ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ወረቀቱን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያሸነፉት ደግመው ያነበቡት ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በለጧቸው። አንተስ ጉባኤ የምትጠራው ለአምስት ደቂቃ ነው?

የኛ አባቶች ይህን ያለ ቤተ ሙከራ ያውቁት ነበር። ጉባኤ የሚለው ቃል ራሱ ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ጋር የኖረ ነው፤ ጉባኤ ቤት እንላለን። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ሰምቶ ብቻ አይወጣም። የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ መምህሩ ፊት ይናገራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ እንደገና ይቆጥራል። ዝም ብሎ ተቀምጦ ባለቅኔ የሆነ ሰው አለ?

እንግዲህ ተነሥ። ብዕር ያዝ።

መጀመሪያ ሰኞን አስብ። ተሳታፊው ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ምን በተለየ መንገድ እንዲሠራ ትፈልጋለህ? በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው። መጻፍ ካቃተህ አዳራሽ አትከራይ።

ቀጥለህ ሰርዝ። ከአምስት ገለጻ ሦስቱን! ገለጻ ጠላትህ አይደለም፤ አዲስ መመሪያ ወይም አዲስ ግኝት ከሚያውቀው ሰው አፍ መስማት ደስ ይላል። ግን 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀጥሎ ያለውን 20 ደቂቃ ለተሳታፊው ስጥ። እውነተኛ ችግር ይዞ ይምጣ፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይፍታው።

ወንበሮቹንም ነቅንቃቸው። ሰው የሰው ማጅራት እያየ አይወያይም።

"ጥያቄ ያለው?" ብለህ ወዲያው ማይክ አትዘርጋ። ምን እንደሚሆን ታውቀዋለህ፤ አንድ ሰው ተነሥቶ "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው" ብሎ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ በፊት ሁለት ደቂቃ ስጥ፣ ሁሉም ከጎረቤቱ ጋር ጥያቄውን ያብስል። ታላላቆቹ ፊት እጅ ማውጣት ድፍረት የሚመስለው ስንት ወጣት ባለሙያ አለ! ለጎረቤቱ ግን ይናገራል። ብዙ ጊዜ የቀኑ ምርጥ ጥያቄ ያለው እሱ ጋ ነው።

መዝጊያው ላይ ወረቀት አድል። ሁሉም ማስታወሻውን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ሦስት ነገርና ሰኞ የሚጀምረውን አንድ ሥራ ይጻፍ። ከወር በኋላ ደውልና ጠይቀው። የቴሌግራም ግሩፕ ብቻውን አይበቃም፤ መጨረሻው "እንኳን አደረሳችሁ" ብቻ ሲሆን አይተናል።

ሰበብ ስትደረድር ይሰማኛል። "በጀት የለም!" ገለጻ መሰረዝ ስንት ብር ያስወጣል? "አለቃዬ አይፈቅድም!" ሁለት ቀኑን ካልሰጠህ አንድ ከሰዓት በኋላ ለምነው፣ ውጤቱን አሳየው። "ሰዉ የሚመጣው ለአበል ነው!" ይህችን በጣም እሰማታለሁ። እሺ፣ ለአበል ይምጣ። ግን ሻይ ዕረፍት ላይ ሶፍት ይዛ ስታስረዳ ለነበረችው ሴት ማን አበል ጨመረላት?

የጤና ባለሙያ ከሆንክ ደግሞ ፈቃድህን ለማደስ የተከታታይ ሥልጠና ነጥብ ትሰበስባለህ። ሰብስብ! ታካሚህ ግን ነጥብህን አያይም፤ የሚያየው እጅህን ነው።

ትችላለህ። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፣ መወሰን ይበቃል።

ዛሬ ማታ መርሐ ግብርህን አውጣ። አንድ ገለጻ ምረጥና ሰርዝ። ከዚያ ስልክህን አንሣና ለአቅራቢው ደውልለት፤ ስላይዱን ትቶ ሦስት ጥያቄ ይዞ እንዲመጣ ለምነው። ዘንድሮ የምትደውለው ደወል ይሄ ብቻ ይሁን።